ከሶላሩ በፊት ሲሚንቶው

በ2007 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2014፣ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ግንባታው ከግማሽ በላይ የሄደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ተቃጠለ። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ነበር። አጥንቱ እንጨት ነው። ከሌሎች የሚለየው ደግሞ የተነሳበት ዓላማ ነው፤ የከባቢ አየርን ካርቦን ሳይጨምሩ ላብራቶሪ ማቆም እንደሚቻል ለማሳየት። ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ 12 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶበታል። በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አሁንም በእንጨት ደግሞ ሠራው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። ስፋቱ 4,500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ። ከአትክልት ዘይት ኤሌክትሪክና ሙቀት አብሮ የሚያመነጭ ሞተርም ተተክሎለታል። ብሪያምና ሊድ ከሚባሉት የዓለም የሕንፃ ምዘናዎች ሁለቱም ከፍተኛውን ደረጃ ሰጥተውታል።

እኔን የሳበኝ ደረጃው አይደለም። አንዲት ስሌት ናት። ሕንፃው ሲታቀድ እንዲህ ተባለ፦ ሲገነባ ካርቦን ይወጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ከራሱ ፍጆታ የሚተርፍ ንጹሕ ኃይል ለሌሎች ይሰጣል፤ በዚህ መንገድ በ25 ዓመት ውስጥ የግንባታውን ዕዳ ከፍሎ ይጨርሳል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፣ የአካባቢው ኤሌክትሪክ ቆሻሻ፣ ማለትም ካርቦን የሚያወጣ፣ ሆኖ እንደሚቆይ። ያ ታሳቢ ደግሞ ከአገር አገር፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። አዲስ አበባ ላይማ ከነጭራሹ አይሠራም። ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ ላብራቶሪ ኃይሉን የት እንደሚበላ እንይ።

ሁድ የሚባለው ሆዳም

ላብራቶሪ ከቢሮ የሚለየው በአየሩ ነው። ቢሮ ውስጥ አንዴ የሞቀውን ወይም የቀዘቀዘውን አየር መልሶ መላልሶ ማዟዟር ይቻላል። ኬሚካል የሚነካካበት ክፍል ውስጥ ግን ይህን ማንም አይሞክረውም። አየሩ ከውጭ ይገባል፣ አንዴ ያገለግላል፣ በጣሪያ በኩል ይባረራል። የክፍሉ አየር በሰዓት ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። እያንዳንዱ ዙር ደግሞ መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ አለበት። ላብራቶሪ በካሬ ሜትር ከቢሮ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ኃይል ይፈጃል የሚባለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የባሰው ፊውም ሁድ የሚሉት ነው። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ፊት ለፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት ያለው ትልቅ ሣጥን። አሲዱ የሚፈላው እዚያ ውስጥ ነው። ከኋላ ያለው ማራገቢያ ጭሱን ይስባል፣ ተማሪው እጁን ብቻ ያስገባል። ለደኅንነቱ አየሩ በመስታወቱ ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ እየሮጠ መግባት አለበት።

እስቲ እናስላው። ክፍተቱ ወርዱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ይሁን። በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አንዷ ሣጥን ብቻዋን እንዲህ ያለውን ክፍል በሰዓት 28 ጊዜ ታራግፈዋለች። በእንግሊዝ ክረምት ውጭው 5 ዲግሪ፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚገባውን አየር ለማሞቅ ወደ 7 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌት ተቀን ጥዶ እንደ መተው ነው፤ እንጀራው ግን የለም።

አንድ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያሉ 50 ወይም 100 ሣጥኖች ሊኖሩ ይችላሉ። የአሜሪካው ሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች አንድ ሁድ በዓመት ሦስት ተኩል አሜሪካዊ ቤተሰብ የሚጠቀመውን ያህል ኃይል ይፈጃል ብለው አስልተዋል። የአሜሪካ ቤተሰብ ደግሞ በኃይል አጠቃቀም ቁጥብ አይደለም።

መፍትሔው የሚያስገርም ቀላል ነገር አለው። መስታወቱን ዝቅ ማድረግ። ክፍተቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ቢወርድ የሚሳበው አየር ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ግን አንድ ግን አለ፤ ማራገቢያው ይህን ማወቅ አለበት። የድሮዎቹ አያውቁም። መስታወቱ ክፍት ሆነ ዝግ ያንኑ ያህል ይስባሉ። አዲሶቹ ፍጥነታቸውን ያስተካክላሉ። እዚህ ላይ ፊዚክሱ ራሱ ያግዛል። ማራገቢያ የሚፈልገው ኃይል ከሚገፋው አየር ጋር እኩል አይደለም የሚቀንሰው፤ አየሩን በ20 በመቶ ብትቀንሱ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ መስታወቱን እንዲዘጉ ለዓመታት ቅስቀሳ አድርጓል፣ በተለጣፊም በውድድርም። የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ላይ የሚታይ ገንዘብ ነው ያተረፈው። ኧርቫይን ከተማ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አየሩን የሚያሸቱ ሴንሰሮች ተከለ። ክፍሉ ባዶ ከሆነና አየሩ ንጹሕ ከሆነ ማራገቢያው ይዝላል፤ የሆነ ነገር ከተደፋ ይነቃል። በታደሱት ላብራቶሪዎች ፍጆታው ከግማሽ በላይ ወረደ። አንድም አዲስ ሕንፃ ሳይሠሩ ማለት ነው።

ታዲያ አርክቴክቱ ምን ሥራ ቀረው? ብዙ። የአየር ቱቦ ሲሰፋ አየሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ሲል ማራገቢያው አይደክምም። ሰፊ ቱቦ ግን ቦታ ይፈልጋል። ከሶሌታው በታች በቂ ክፍተት፣ ከፎቅ ፎቅ የሚያወጣ ሰፊ መተላለፊያ። ይህ በንድፉ የመጀመሪያ ሳምንት ካልታሰበ በኋላ አይመጣም። መሐንዲሱ ሲደርስ ቁመቱ ተወስኗል፣ ቱቦው ይጠባል፣ ማራገቢያው ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ እያቃሰተ ይኖራል። በሕንፃ ሽልማት ፎቶዎች ላይ መስታወቱና ደረጃው እንጂ ቱቦው አይታይም። በእኔ አስተያየት ላብራቶሪን መመዘን ከዚያ ነበር መጀመር ያለበት።

ሌላው የአርክቴክት ውሳኔ መለየት ነው። ተመራማሪ ቀኑን ሙሉ አሲድ አያፈላም። ያነባል፣ ይጽፋል፣ ቡና ይጠጣል፣ ኮምፒውተር ላይ ይፈዛል። ለዚህ ሁሉ በሰዓት 10 ጊዜ የሚቀየር አየር አያስፈልገውም፤ መስኮት ከፍቶ መሥራት ይችላል። የጽሕፈት ጠረጴዛውን ከላብራቶሪው በግድግዳ መለየት ብቻውን ኃይል የሚበላውን ስፋት በጣም ይቀንሰዋል። ስሱ ማይክሮስኮፖችንም ምድር ላይ ማስቀመጥ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ከተሰቀሉ ወለሉ እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ ሶሌታው ይወፍራል። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ኮንክሪት ነው።

ስለ ማቀዝቀዣዎቹም አንድ ነገር። ናሙና በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቆየው ፍሪዘር፣ አሮጌ ከሆነ በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዓመት ከ7,000 በላይ። በኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በዓመት ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዷ ፍሪዘር የ70 ሰው ድርሻ ትበላለች ማለት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥሩን ከ80 ወደ 70 ዲግሪ ከዜሮ በታች እያስተካከሉ ነው። ለአብዛኛው ናሙና ይበቃል፣ ፍጆታውንም በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ከማስተካከሉም በፊት ግን በሩን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቀ ተማሪ የተወው፣ ስሙ የጠፋ ብልቃጥ መገኘቱ አይቀርም።

ሁለት የሂሳብ መዝገብ

ሕንፃ ካርቦን የሚያወጣው በሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሲሠራ ነው፤ ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ መስታወቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ ጭነቱ። ይህ ቁልፉ ከመረከቡ በፊት ወጥቶ ያለቀ ነው፤ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ሁለተኛው ሲኖሩበት ነው፤ መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ ሁዱ፣ ፍሪዘሩ። ይህ በየዓመቱ ይንጠባጠባል።

ለረጅም ጊዜ ትኩረቱ በሙሉ ሁለተኛው ላይ ነበር። ምክንያት ነበረው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣ ነበር። የኖቲንግሃሙ ስሌት የተወለደው ያኔ ነው። 200 ኪሎዋት የሚሆን ሶላር ጣሪያ ላይ ብትዘረጉ፣ በዚያ አገር ፀሐይ በዓመት 180 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ሚዛን 90 ቶን ካርቦን አዳንኩ ማለት ይቻል ነበር፣ በየዓመቱ።

ከዚያ ምን ሆነ? እንግሊዝ የድንጋይ ከሰልን ዘጋች። የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ የት ነበር ቢሉ እዚያው ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጠፋ። በዚያ ዓመት የአገሩ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 125 ግራም ገደማ ደርሶ ነበር። ያው የ200 ኪሎዋት ሶላር፣ ያው ፀሐይ፣ አሁን የሚያድነው በዓመት 22 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ፓነሉ አልተበላሸም። አካባቢው ነው የጸዳው። ዕዳውን በ25 ዓመት እከፍላለሁ ያለ ሕንፃ ሁሉ በዚህ ስሌት መክፈያው ይርቅበታል።

ይህ ኖቲንግሃሞችን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም የሠሩት ትልቁ ሥራ ሶላሩ ሳይሆን እንጨቱ ነው ባይ ነኝ። ተጣብቆ የተጠነከረ እንጨት በኮንክሪትና በብረት ቦታ ሲገባ የመጀመሪያውን መዝገብ ገና ከጅምሩ ያሳንሰዋል። ዛፉ ሲያድግ የዋጠው ካርቦንም ሕንፃው እስካለ ድረስ ግንዱ ውስጥ ይቆያል። ያ ቁጠባ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ቢጸዳም ባይጸዳም አይለወጥም። በርግጥ እንጨት ይነዳል፤ የመጀመሪያው ሕንፃ ይህን አሳይቷል። ግንባታ ላይ ያለ የእንጨት ሕንፃ የእሳት መከላከያው ስላልተሟላ ከተጠናቀቀው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ለእውነተኛ ሂሳብ ደግሞ የተቃጠለውም ሕንፃ አብሮ መቆጠር ነበረበት። አንድ ላብራቶሪ ለማግኘት አንድ ተኩል ተሠርቷል።

ወደ አገር ቤት

አሁን ይህን ስሌት አዲስ አበባ ላይ እናምጣው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ በአገር ቤት መሥመር ላይ የሚሄደው ኪሎዋት ሰዓት የሚሸከመው ካርቦን ከምንም አይቆጠርም። 200 ኪሎዋት ሶላር ጣሪያ ላይ ዘርግቶ ለመሥመሩ ትርፍ የሚሰጥ ሕንፃ ጥሩ ነገር አድርጓል፤ የግንባታ ካርቦኑን ግን አልከፈለም። ንጹሕ ነገር በንጹሕ ነገር ነው የተካው። በ25 ዓመትም በ100 ዓመትም አይከፍልም።

አየሩም ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያችኑ ሁድ አምጥተን ውጭው 16፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ይሁን ብንል፣ አየሩም ስስ ስለሆነ፣ የማሞቂያው ፍላጎት ከ7 ኪሎዋት ወደ 1.4 ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ከነጭራሹ ላያስፈልግ ይችላል። አውሮፓዊው ሕንፃ በወፍራም መከላከያ ልብስ የሚታገለውን ነገር እኛ በመስኮት እናልፈዋለን።

ወይም እናልፍ ነበር። ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተለበጠ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሕንፃ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ውጭ 23 ዲግሪ፣ ውስጥ ሳውና። ከዚያ ኤሲ ይገጠማል። በዓለም ላይ ካሉ ምቹ የአየር ጠባዮች አንዱ ባለበት ከተማ አየር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ሕንፃ መሥራት ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል። እዚህ ኬክሮስ ላይ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ የምታስቸግረው ጠዋትና ማታ ነው። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ ምሥራቅና ምዕራቡን ደፈን ማድረግ። ወጪው ዜሮ ነው፣ ቦታው ከፈቀደ።

ሶላሩን ግን ጨርሼ አልጣልኩትም። አንድ ትልቅ ሥራ አለው፤ ጄኔሬተሩን ማስቀረት። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው የአሥር ዓመት ናሙና አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙ የምርምር ተቋም ናፍጣ የሚጠጣ ጄኔሬተር ጓሮው ውስጥ አለው። ከጄኔሬተር የሚወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 800 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ብዙም የማይሻል ነው። ሶላርና ባትሪ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ያዋጣሉ፣ በካርቦንም በብርም። ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው ጣሪያው ስንት ይችላል ተብሎ መሆን የለበትም። ፍሪዘሮቹንና የግድ መሥራት ያለባቸውን ማራገቢያዎች መብራት በሌለበት ስንት ሰዓት ያቆያል ነው ጥያቄው።

ይህን ሁሉ ካነሳን በኋላ የሚተርፈው የመጀመሪያው መዝገብ ነው። ሲሚንቶው።

ሲሚንቶ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ምክንያቱ ምድጃው 1,450 ዲግሪ ስለሚፈልግ ብቻ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋዩ ከራሱ ነው የሚወጣው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ውስጡ ታስሮ የኖረው ጋዝ ይለቃል። ምድጃውን በፀሐይ ብታሞቁትም ያ ድርሻ አይቀርም። ኦፒሲ ከሚባለው መደበኛ ሲሚንቶ አንድ ኩንታል ሲመረት ከ80 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አንድ ሜትር ኩብ የኮለን ኮንክሪት ደግሞ ከ3 ኩንታል በላይ ሲሚንቶ ይጨርሳል። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው። አገሪቱ ሲሚንቶ ያስፈልጋታል፤ እጥረቱ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ፋብሪካው ለምን ተከፈተ አይልም። ጥያቄው በየኩንታሉ ስንት እንሠራለን የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የአነስተኛ ካርቦን ሲሚንቶ ብለው ውጭ አገር እንደ ግኝት የሚያወሩለት ነገር፣ ቢያንስ አንዱ ዓይነት፣ እኛ ጋ ሱቅ ውስጥ ተደርድሯል። ፒፒሲ ነው። የኖራ ድንጋዩ ውጤት የሆነው ክሊንከር በከፊል ወጥቶ በቦታው ፑሚስ ይገባል፤ ያ ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈረው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ፑሚስ መቃጠል አያስፈልገውም፣ እሳተ ገሞራው አንዴ አቃጥሎታል። መፈጨት ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሲሚንቶ እስከ 35 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ባለ ድንጋይ ሊተካ ይችላል። ሲሶው ከተተካ ካርቦኑም በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ታዲያ ሳይቱ ላይ ምን ይባላል? «ፒፒሲ ለልስን፣ ኦፒሲ ለኮለን።» ፎርማኑም ይላል፣ ኮንትራክተሩም ይላል። ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ፎርምወርኩን በፍጥነት አንስቶ ወደሚቀጥለው ፎቅ መውጣት ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ውሃ ማጠጣቱም ረዘም ላለ ጊዜ በትጋት መደረግ አለበት፤ ይሄ ደግሞ ብዙ ሳይት ላይ የሚዘለል ሥራ ነው። የመጨረሻ ጥንካሬው ግን ከኦፒሲው ላያንስ ይችላል። መሠረት፣ የመሬት ሶሌታ፣ የድጋፍ ግንብ በጥድፊያ የማይነሳ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ኦፒሲ መሙላት ከልማድ በስተቀር ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

አንድ እርምጃ የሚቀድም ደግሞ ሸክላ የተጨመረበት ሲሚንቶ ነው። ስዊዘርላንድ የሚገኘው የሎዛን ቴክኖሎጂ ተቋም ከኩባና ከሕንድ ተመራማሪዎች ጋር ያወጣው ነው፣ ኤልሲ3 ይሉታል። ሸክላው በ800 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል፣ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ይጨመርበታል፣ ክሊንከሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ካርቦኑ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ለእኛ ይህ የነገ ነው። ፒፒሲው የዛሬ ነው።

ከሲሚንቶ መሸሽም አለ። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ተቋም፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ከስዊድን ጋር የተመሠረተው፣ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኢቲኤች ጋር ሆኖ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ አንድ የሙከራ ቤት ሠራ። ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ከአፈር። የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የቆመ አፈር ነው፤ የላይኛው በአፈር ብሎኬት። ፎቁን የተሸከመው ደግሞ ፌሮ ያለው ሶሌታ ሳይሆን በስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ነው። ቅስቱ ጭነቱን ወደ ግድግዳ እየገፋ ስለሚያስተላልፍ መጎተትን የሚቋቋም ብረት ብዙም አያስፈልገውም። ኮንክሪት ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የአገሩን ጭቃ በዛሬ የመሐንዲስ ስሌት መፈተን ነበር።

አፈር ላብራቶሪ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ኬሚካል የሚፈስበት ግድግዳ መታጠብ አለበት፣ ማይክሮስኮፕ የሚቀመጥበት ወለል መርጋት አለበት። ቦሌ አካባቢ እንዳለው ዋልካ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈርም ለግድግዳ አይሆንም። ግን ከላይ እንዳልኩት ተመራማሪው ግማሹን ቀን ከላብራቶሪው ውጭ ነው። የጽሕፈት ክፍሎቹ፣ ኮሪደሩ፣ ትንንሾቹ አዳራሾች፣ እነዚህ ሁሉ ለምን ብሎኬትና ልስን መሆን አለባቸው?

ችግሩ ምናልባት የክብር ነው። ጭቃና ሳር ክዳን የድህነት ምልክት ሆነው ቀርተዋል። ኖርዊች ከተማ ያለው የምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ኢንተርፕራይዝ ሴንተር የሚባል ሕንፃ ግድግዳው በሳር ክዳን የተለበጠ ነው። ጣሪያው አይደለም፣ ግድግዳው። የአካባቢው ሳር ከዳኞች ሳሩን በእንጨት ፍሬም ውስጥ አዘጋጁት፣ ፍሬሙ ደግሞ ወደ ሳይቱ መጥቶ ተሰቀለ። እዚያ የሳር ከዳኝነት ሙያ ሕንፃ ሲያስከብር፣ እኛ ሳር ከዳኞቻችንን ቆርቆሮ እንዲመቱ አስተምረናቸዋል።

እንጨቱስ? ባሕር ዛፍ ሞልቶናል፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ። እስካሁን ግን ሥራው በአብዛኛው ኮንክሪት ሲሞላ መደገፍ ነው። የኖቲንግሃሙን ዓይነት ተጣብቆ የተጠነከረ እንጨት ከአውሮፓ አስመጥቶ እዚህ መሥራት ግን፣ የውጭ ምንዛሬውን ትቼ፣ በመርከብና በካሚዮን የሚመጣ ካርቦን ነው።

ሌላም ነገር አለ። እስካሁን ያወራሁት ስለ ደጋ ነው። ሰመራና ጋምቤላ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከሲንጋፖር ብዙ ይማራል። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ኤስዲኢ4 የተባለ ሕንፃ በዓመት የሚፈልገውን ኃይል ከጣሪያው ላይ ያገኛል። ብልሃቱ ክፍሉን እንደ ፍሪጅ አለማቀዝቀዙ ነው። አየሩ መጠነኛ ቅዝቃዜ ብቻ ይዞ ይገባል፣ ቀሪውን የጣሪያ ማራገቢያ ያደርገዋል። የሚንቀሳቀስ አየር ቆዳ ላይ ሲያልፍ 27 ዲግሪ ራሱ ይመቻል። ጣሪያው ሰፋ ብሎ ጥላ ይጥላል፣ ኮሪደሮቹ ክፍት ናቸው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አገር ግን አንድ ዓይነት ንድፍ ደጋም ቆላም ሲቆም አይተናል። ለደብረ ብርሃን የተመቸ መስኮት ሰመራ ላይ ምድጃ ነው።

እና አንድ ዩኒቨርሲቲ ነገ የምርምር ሕንፃ ላሠራ ቢል? ሥራው የሚጀምረው ከአማካሪው ጋር ከሚፈራረሙት ቲኦአር፣ ማለትም የሥራውን ዝርዝር ከሚወስነው ሰነድ ነው። «ሕንፃው አረንጓዴ ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያስገድድም። በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣበታል፣ ያንን ቁጥር ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ አስላልኝ የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ያስገድዳል። ሁዶቹ መስታወታቸው ሲዘጋ የሚስቡት አየር ይቀንስ ወይ የሚለውም እዚያው ይግባ።

አንዲት ትንሽ ደግሞ አለች፣ ኮንክሪቱ ላይ። በተለመደው አሠራር የኮንክሪት ናሙና ኪዩብ በ28ኛው ቀን ተጨምቆ ይፈተናል፤ ያን ቀን ካልደረሰ ወደቀ ይባላል። ፒፒሲ በዚህ ሕግ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፣ ምክንያቱም ገና እየጠነከረ ነው። በሌሎች አገሮች መሠረትንና ቶሎ ሙሉ ጭነት የማይደርስበትን የሕንፃ ክፍል በ56ኛው ቀን መፈተን የተለመደ ሆኗል። በውሉ ላይ 28ን ወደ 56 መቀየር ማለት ነው። ለኮንትራክተሩ አዲስ ማሽን አያስገዛም፣ ለዩኒቨርሲቲውም ዶላር አያስወጣም። የአንድ መሐንዲስ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልገው።